አንድ የቁልፍ አቋራጭ በወርድ መስኮት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ

ጥያቄ፦
የቁልፍ አቋራጮችን ለመፍጠር በሚያገለግለው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ በአውቶሆትኪ ሁለተኛው ስሪት፣ የጻፍኩት አጭር ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ኮንትሮልና ዲ አብረው ሲጫኑ የዕለቱን ቀን ይጽፋል። የምፈልገው በማይክሮሶፍት ወርድ ብቻ ስለሆነ፣ በአቋራጩ ትእዛዞች ውስጥ «ንቁው መስኮት ወርድ ከሆነ ጻፍ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገብቻለሁ። ቀኑ በእርግጥ ሌላ ቦታ አይጻፍም፤ ነገር ግን በኤክሴል የላይኛውን ሕዋስ ወደ ታች መገልበጡ፣ በክሮምም ዕልባት ማስቀመጡ ቀርቷል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦
ምክንያቱ ቅድመ ሁኔታው የገባበት ቦታ ነው። አውቶሆትኪ ቁልፉን የሚይዘው የአቋራጩን ትእዛዞች መፈጸም ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ሁኔታው ባይሟላም ቁልፉ ኤክሴል ዘንድ አይደርስም። አንዳንዶች «ካልሆነ ያንኑ ቁልፍ መልሰህ ላክ» የሚል መስመር ይጨምራሉ፤ ነገሩን ያወሳስባልና አልመክርም። የሃሽ ምልክት የሚቀድመውን የሆትኢፍ መመሪያ ከአቋራጩ በላይ በራሱ መስመር ያስቀምጡና ንቁው መስኮት ወርድ መሆኑን የሚያጣራውን የዊንአክቲቭን ፍተሻ ከጎኑ ይጻፉ፤ ያን ጊዜ ወርድ ንቁ ካልሆነ አቋራጩ እንደሌለ ይቆጠራል። በብዙ አሮጌ ምሳሌዎች የሚታየው ኢፍዊንአክቲቭ የመጀመሪያው ስሪት መመሪያ ስለሆነ ለእርስዎ አይሠራም።

ሌላ መልስ፦
በዚህ ላይ፣ መስኮቱን በርዕሱ ባይለዩት ይሻላል። ሁለተኛው ስሪት የተሰጠውን ቃል በርዕሱ ውስጥ የትም ቢያገኘው ስለሚቀበል፣ ስለ ወርድ የሚያወራ የክሮም ገጽ እንኳ ወርድ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። በፕሮግራሙ ፋይል ስም፣ ማለትም በዊንወርድ፣ መለየቱ አስተማማኝ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የወርድን ትንንሽ የመጠይቅ ሳጥኖችም ይጨምራል፤ ዋናውን የሰነድ መስኮት ብቻ ከፈለጉ ኦፐስአፕ የተባለውን የመስኮት ዓይነት ስም ይጠቀሙ። ሁለቱንም ስሞች ከአውቶሆትኪ ጋር የሚመጣው ዊንዶው ስፓይ የተባለ መሣሪያ ያሳይዎታል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፤ ኤክሴልና ክሮም ቁልፋቸውን መልሰው አግኝተዋል። ነገር ግን ከዚያ በታች የጻፍኳቸው፣ በሁሉም ፕሮግራም ይሠሩ የነበሩ አቋራጮች አሁን በወርድ ብቻ ሆኑ።

መልስ፦
መመሪያው ሌላ ሆትኢፍ እስኪያጋጥመው ድረስ ከበታቹ ያሉትን አቋራጮች ሁሉ ይገዛል። የወርዱ አቋራጭ ካለቀ በኋላ ምንም ሁኔታ ያልተጻፈበት ባዶ ሆትኢፍ ያስቀምጡ፤ ወይም ለሁሉም የሚሠሩትን ከፋይሉ አናት፣ ከመጀመሪያው ሆትኢፍ በፊት ይሰብስቧቸው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ስክሪፕቱ ሲረዝም ባዶዋን መስመር መርሳት ቀላል ነው።