የዘንድሮውን ሙልሙል አብረን እንጋግር? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ እንዴት ዋላችሁ የማኅበራችን አባላት? ቡሄ ደረሰ። ባለፈው «ሙልሙሉን አብረን እንጋግር» ሲባል ሁላችንም እሺ አልን፤ ቡናችንን ጠጥተን ተበተንን። እዚሁ እንጨርሰው። ረቂቁ ይኸው፦ ነሐሴ 12 ጠዋት አንድ ግቢ እንሰበሰባለን፤ 15 ቤት 2፣ 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ያመጣል። ሙልሙሉ ሆያ ሆዬ ለሚሉት ልጆች፣ 3 ድፎ ደግሞ ለሰፈሩ አቅመ ደካሞች። ምን ትላላችሁ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዱቄቱን ግን ከየቤቱ አንልቀም። አምና እንደዚያ አድርገን ግማሹ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ግማሹ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ብር አዋጥተን 30ውን ኪሎ አንድ ላይ እናስፈጭ። ወጪ ከበዛ የፎገራ ሩዝ እንቀላቅልበት።

ከሽምብጥ (የባሕር ዳር ሰፈር) አንድ አባል፦ ሩዙ ለእንጀራ ይሁን እንጂ ለድፎ አይሆንም። ሊጡ አይሳብም፤ ሲቆረስ ፍርፍር ነው የሚለው።

አዲሷ አባል፦ ወተትና ቅቤ ጠብ ቢደረግበትስ? ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው፣ በጣም ይለሰልሳል አሉ።

እማማ (በልጃቸው ስልክ)፦ ልጄ፣ ፍልሰታ እኮ ነው! ቅቤውን ለእንቁጣጣሽ አቆይው። ለአሁኑ ዘይት፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል።

አዲሷ አባል፦ ውይ፣ ይቅርታ እማማ! ጭራሽ ረስቼው። ድፎውንስ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብንጋግረው?

እማማ፦ ሙልሙሉን ጋግሪበት። ድፎ ግን «ከላይም ከታችም እሳት» የሚባለው ለተረት አይደለም። የላዩ ፍም ከሌለ ታቹ ያርራል፣ ላዩ ሊጥ ይሆናል።

ከሽምብጥ፦ ደግሞ በነሐሴ ዝናብ መብራቱን ማን ያምነዋል?

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ድፎ በእንጨት። ኮባውስ? ባለፈው በፎይል የጋገርነው መልኩ ያምር ነበር፤ ሽታው ግን የሱቅ ዳቦ።

ጋሼ፦ ከእኔ ግቢ ቁረጡ። ግቢውም ይበቃችኋል፣ እዚሁ ጋግሩ።

እማማ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆች፣ ኮባውን እንዳለ እንዳታነጥፉት። የመሃሉን ወፍራም አከርካሪ በቢላ ላጡት። ከዚያ ወላፈን ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጉት፤ ሲያንጸባርቅና ሲልመጠመጥ አንሱት። ያልተለበለበ ኮባ ስታጥፉት ይሰነጠቃል፣ ሊጡም ሾልኮ ምጣዱ ላይ ያርራል። ምጣዱ ላይ ስታነጥፉ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቡት፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይትረፍ፤ ሊጡን የምትሸፍኑት በዚያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። ልጆቹ አሁን ሙልሙል ሳይሆን ብር ነው የሚፈልጉት። ተርፎ እንዳይሻግት።

ከሽምብጥ፦ አምና ከእኔ በር ሁለቱንም ተቀብለው ነው የሄዱት። ትኩሱን ስጧቸውማ፣ ደጃፍ ሳይወጡ ይጨርሱታል።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ፦ ዱቄት በመዋጮ፣ ሙሉ ስንዴ። ሊጡ ነሐሴ 11 ማታ በእማማ እርሾ ይቦካል። ሙልሙሉ በኤሌክትሪክ፣ ድፎው በእንጨት። እማማ ኮባውን ሲለበልቡ አዲሷ አባል አጠገባቸው ትሁን፣ እጇ ይልመድ። የቀረን ደረቅ እንጨት ነው።

ከሽምብጥ፦ እኔ ጋ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አለ። ዛሬውኑ ቆርቆሮ ሥር አስገባዋለሁ።

አዲሷ አባል፦ እሺ፣ እመጣለሁ! ጋሼ ግን እባክዎ ውሻውን ይሰሩልን።

ጋሼ፦ አይናከስም። ብቻ ዳቦ ይወዳል፣ አስረዋለሁ።