ኦዲሲው ፈላብኝ፣ ላሠራው ወይስ ልሸኘው?

የሦስት ልጆች እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ወገኖቼ። 2008 ሆንዳ ኦዲሲ አለኝ፣ 171 ሺህ ማይል ሄዷል። ቅዳሜ መብራት ላይ ቆሜ የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ውስጥ ገባ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ትንሿ ልጄ "እማዬ፣ መኪናው ቡና አፈላ" አለችኝ። ጋራዡ "የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዷል፣ 2,800 ዶላር" አለ። ቢሸጥ እንኳ ይህን አያወጣም። ግን የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። የመኪናው ዓመታዊ ኢንስፔክሽንም በዚህ ወር ያልቃል። ምን ትላላችሁ?

ጋሼ መካኒኩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አትንጂው። ቴስታታው ከተጣመመ 2,800ም አይበቃሽም። ደግሞ ምን አይተው ነው ጓርኒሲዮን ያሉሽ? ቴርሞስታት ሲጣበቅም፣ ቬንቲሌተር ሳይዞር ሲቀርም፣ የውሃ ፓምፕ ሲያፈስም ይሞቃል። ሌላ ጋራዥ ውሰጂና የጋዝ ምርመራ በያቸው። ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ይደቅናሉ፣ ወደ ቢጫ ከዞረ የሞተር ጭስ ውሃው ውስጥ ገብቷል። አንቺም ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የዘይቱን ክዳን ገልብጠሽ እዪ። ማኪያቶ ከመሰለ ክፉ ነው። የራዲያተሩን ግን ሲሞቅ እንዳትነኪ!
ይሄ ሞተር የሚሠራው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው፣ በካቴና (በሰንሰለት) አይደለም። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፤ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን አታወሪም።
ኢንስፔክሽኑ አያስጨንቅሽ። ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ መሪ ነው የሚያዩት። ቢጥሉሽም 15 ቀን አለሽ።

የዴንቨሩ፦
ጣይው በቃ። ዛሬ 2,800 ትከፍያለሽ፣ በወሩ ካምቢዮው ይሄዳል። ያንን ብር ቅድሚያ ከፍለሽ አዲስ በብድር ውሰጂ።

ጋሼ መካኒኩ፦
ለስድስት ዓመት በየወሩ ለባንክ ትገብር? የሦስት ልጆች እናት ናት እኮ!

የዴንቨሩ፦
ጋሼ፣ የኔ መኪና መንገድ ላይ አያስቆመኝም።

ጋሼ መካኒኩ፦
ያንተ አይደለማ፣ የባንኩ ነው።

እህት ከሲያትል፦
ኧረ ተዉ። አምና የኔ ካምሪ ካምቢዮው የሄደ ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። የቤት ኪራይ ተጨምሮበታል። "አሁን የለኝም" ስለው "መኪና እየነዳሽ?" አለኝ። እዚያ መኪና ሀብት ነው፣ እዚህ ጫማ ነው። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ከክሬዲት ካርድ አውጥቼ ላክሁ፣ እኔ ሁለት ወር በባቡር ተመላለስኩ። የአባዬ ኮሮላ ሲበላሽ የሰፈሩ መካኒክ ግቢያችን መጥቶ ሥሯ ይገባ ነበር። እናቴ ምሳ ታበላዋለች፣ ሒሳቡን ደሞዝ ሲወጣ ይቀበላል። እዚህ ገና ኮፈን ሳይከፍቱ የምርመራ ብለው ያስከፍሉሻል።

የዴንቨሩ፦
ታዲያ ኦዲሲውን ለወንድምሽ እንላክለት?

እህት ከሲያትል፦
ቀልድህ ነው? ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ጋሼ፣ ክዳኑን ገለበጥኩት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር አለ። ማኪያቶ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ጋሼ መካኒኩ፦
ትንሽ ከሆነ እርጥበትም ሊሆን ይችላል፣ አጭር አጭር መንገድ በብርድ ስትነጂ ይመጣል። የጋዙን ምርመራ ሳታሠሪ ሳንቲም አትክፈይ። የቺንጋው ደረሰኝስ?

የዴንቨሩ፦
ጋሼ ብድር ሳይወስዱ ነው እንዴ ቤት የገዙት?

የሦስት ልጆች እናት፦
ደረሰኙን አላገኘሁትም። ዛሬ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ፌርፋክስ የሚሄድ ሰው አለ?