ወንዝ ዳሩ ይመር ወይስ ውሃው ይጥራ?

የግንፍሌ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የአዲስ አበባ የወንዝ ዳር የእግረኛ መንገድ አምሯል፣ አልክድም። ግን መቅደም የነበረበት ውሃው ነው። በ2011 ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር ይለማል ተባለ፤ 29 ቢሊዮን ብር ተገመተለት። ይህች ከተማ እኮ የተቆረቆረችው በውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩት ፍልውሃን ብለው ነው። ዛሬ በፍልውሃ ጀርባ የሚወርደው የባንተይቀጡ ወንዝ ግን እጅ አይታጠቡበትም።

ብስክሌተኛው፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ወንዞቻችን የቤት ጓሮ ነበሩ። ሽንት ቤቱም ማድቤቱም ጀርባውን ለወንዝ ሰጥቶ ነበር የሚሠራው። ማንም ወርዶ የማያየውን ውሃ ማን ያጸዳዋል? አሁን እናቶች ልጅ ይዘው ይወርዳሉ። ሽታው ሲያስቸግራቸው ይጮኻሉ። ያ ጩኸት የመጣው በመንገዱ ነው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
የረሳችሁት ሰው አለ። ወንዝ ዳር የኖርነው ሽታው ጥሞን አልነበረም። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ፒያሳ ደግሞ እንጀራችን ናት። በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እድራችን ተበተነ። አሁን ለቅሶ ለመድረስ ታክሲ እየቀያየርን ነው። መናፈሻውን አልጠላሁም። ግን ለማን እንደተሠራ ይነገረኝ።

የግንፍሌ ልጅ፦
እህቴ፣ እውነትሽን ነው። መልስ የለኝም።

ብስክሌተኛው፣ ላንተ ግን አለኝ። ጩኸት ብቻውን ውሃ አያጠራም። ክረምት ሲገባ በሌሊት የሽንት ቤት ጉድጓዱን ወደ ወንዝ የሚለቅ ግቢ ሞልቷል። ዶፉ ሲወርድ ቱቦው ይከፈታል፣ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ያ ሁሉ በትልቁ አቃቂ ወንዝ አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም አዋሽ። መንገድ ላይ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ያው ጎመን ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል። የላይኛው ሰፈር ከፍሳሽ መስመር ጋር ሳይገናኝ ታች ንጣፍ ማንጠፍ ምን ይረባል?

ብስክሌተኛው፦
የፍሳሽ መስመሩ ይቅደም ካልክ እስማማለሁ። መንገዱ አይሠራ ካልክ ግን አልሰማህም።

የግንፍሌ ልጅ፦
አይሠራ አላልኩም። በሚቀጥለው በጀት ከአበባና ከመብራት በፊት ቱቦው ይቀበር ነው የምለው። ከዶሮ ማነቂያ የተነሱት የሰፈሩበት ኮንዶሚኒየም ፍሳሽም የት እንደሚወርድ አብሮ ይጠየቅ።