የጨዋታ «ጓደኛ» ልጅን ወደ ቴሌግራም ሲጠራ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ጎህ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የስልክ ጨዋታ ላይ የተዋወቀ ሰው ለልጅ የጨዋታ ሳንቲም ሲሰጥ ከርሞ «ቴሌግራም ላይ እናውራ፣ ለቤተሰብ እንዳትናገር» አለ እንበል። ወላጅ ሲደርስበት ስልኩን ይቀማ ወይስ ሰውየውን ብሎክ ያድርግ?

ዋርካ፦ ብሎክ ከማድረግ በፊት ማስረጃ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ሰውየው እንደተነቃበት ከጠረጠረ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ አትሳደቡ፣ ልጁን መስላችሁም አታውሩት። ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ፕሮፋይሉን ከፍታችሁ በ@ የሚጀምረውን መለያ፣ ከታየም ስልክ ቁጥሩን ጻፉ፤ ላይ ያለው ስም እንደፈለገ ስለሚቀያየር ብቻውን አይረባም። ስክሪንሾት እምቢ ካለ (ሚስጥራዊ ቻት ላይ ያጋጥማል) በሌላ ስልክ ካሜራ አንሱት። የጨዋታውንም ቻት አትርሱ፣ ትውውቁ የተጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ ብሎክ፣ ከዚያ ፖሊስ።

የልጁ የራቁት ፎቶ ካለ ግን እሱን ኮፒ አታድርጉ፣ ለዘመድም አትላኩ። ባለበት ይቆይና ስልኩን ራሱን ለፖሊስ አሳዩ።

የማለዳ፦ መቀማቱን ተዉት። ሰውየው ልጁን አፍ የሚያስይዘው «ከተናገርክ ስልክህን ይወስዱብሃል» እያለ ነው፤ ስትቀሙ ቃሉን እውነት ታደርጉለታላችሁ። መጀመሪያ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። ቀጥሎ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ፎቶ ልከሃል? ገንዘብ ጠይቆሃል? በአካል እንገናኝ ብሎሃል? መልሱን በራሱ በልጁ አነጋገር ጻፉት። ደጋግሞ ማስለፍለፍና «እንዲህ አድርጎህ ነው አይደል?» እያሉ ቃል ማጉረስ በኋላ ምርመራው ላይ ቃሉን ያዳክምበታል።

ቀለበት፦ ፎቶ ሄዶ ገንዘብ እየተጠየቀ ከሆነ አትክፈሉ፤ አንዴ የከፈለ ደግሞ ይጠየቃል። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ የራቁት ፎቶ ለተነሳ ሰው «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክ አይወጣም፤ የሚላከው ሃሽ የሚባል፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በእሱ ፈልገው ያነሱታል። ፎቶው ከተቆረጠ ወይም ከተነካካ ሃሹ ይለወጣልና ያ ቅጂ ለብቻው መመዝገብ አለበት። ደንግጣችሁ ፋይሉን አታጥፉ፣ ያለ እሱ ሃሽ አይወጣም።

ጎህ፦ አመሰግናለሁ። ቴሌግራሙ ራሱ የሚስተካከል ነገር አለው?

ዋርካ፦ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ላይ ግቡ። ስልክ ቁጥርን ማን ያያል የሚለውን «ኖባዲ» አድርጉ፤ ያኔ ከሥሩ በቁጥር ማን ያግኘኝ የሚል ይመጣል፣ እሱን «ማይ ኮንታክትስ»። ብዙ ሰው ይችን ሁለተኛዋን ያልፋታል። ግሩፕ ማን ያስገባኝ የሚለውንም እንደዚሁ።