ስቴቶስኮፔ ጸጥ አለ፤ ነገ ጠዋት ዎርድ እገባለሁ!

ጀማሪዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል እንወጣለን፤ የደረሰኝ የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። መምህራችን በእጅ በሚነፋው መለኪያ የደም ግፊት ለክተን እንድናሳየው ነግሮናል። አሁን እናቴ ላይ ስሞክር የመለኪያው መርፌ ይወርዳል፣ ጆሮዬ ግን ምንም አይሰማም። ትናንት ይሠራ ነበር! በዚህ ሰዓት ክፍት ሱቅ የለም።

የሰፈር ሐኪም፦ እናትሽ አሁንም እየተቆጡሽ ከሆነ ልባቸው ደህና ነው፤ ችግሩ ከዕቃው ነው።

ሲስተር ዘ፦ የስቴቶስኮፑ ጫፍ ሁለት ፊት ያለው ነው? እንደዚያ ከሆነ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ቱቦውን ይዘሽ ጫፉን ቀጭ እስኪል በግማሽ ዙር አዙሪው፤ ከዚያ ሰፊውን ፊት በጣትሽ ቀስ ብለሽ ነካ ነካ አድርጊ።

መጽሐፍ ወዳድ፦ ከማዞርሽ በፊት የምትሰሚው ምን እንደሆነ እወቂ። ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ይህን ዘዴ ያስታወቀው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ድምፁ የልብ ምት አይደለም። የተጨቆነው የደም ቧንቧ በከፊል ሲከፈት ደሙ እየተናወጠ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ጨርሶ ሲጠብቅም ሆነ ጨርሶ ሲላላ ዝም ይላል። መጀመሪያ የተሰማው የላይኛው ቁጥር፣ የጠፋበት የታችኛው ነው። አየሩን በአንዴ ከለቀቅሽው ሁለቱም ያመልጡሻል፤ መርፌው በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ይውረድ።

አቤል፦ ጫፉን አዙሪው።

ዘመናዊው፦ በዲጂታል ዘመን ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? መምህሩ ነው የሚገርመኝ።

ሲስተር ዘ፦ ዘመናዊው፣ የልብ ምቱ የተዛባ በሽተኛ ሲገጥምህ ዲጂታሉ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል። ባትሪውም ሌሊት ያልቃል። መምህሩ ትክክል ነው።

ጀማሪዋ፦ አዞርኩት፤ ስነካው ጆሮዬን አደነቆረኝ! ክንዷ ላይ ግን አሁንም የለም። ደግሞ መርፌው ሳልነፋውም 10 ላይ ይቆማል፤ ችግር አለው?

ሲስተር ዘ፦ የጆሮ ማስገቢያዎቹ ወደ አፍንጫሽ አቅጣጫ ያዘንብሉ። ሹራቡን አስወልቂ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀኔ ጋቢ ለብሰው የተኙ አባት ላይ በልብስ ላይ ለመስማት ስታገል «ልጄ፣ ላውልቀው?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የክርኑ እጥፋት ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ትርታውን በጣትሽ ፈልጊና ስቴቶስኮፑን እዚያው አሳርፊ። የእጅ አንጓው ትርታ እስኪጠፋ ንፊ፤ ከዚያ 30 ጨምሪ። ክንዱ በልብ ከፍታ ይደገፍ።

የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ፦ ዋናውን ነገር አልፋችሁታል። ሳይነፋ 10 ላይ የሚቆም መለኪያ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም፤ በእሱ በሽተኛ እንዳትለኪ። በመርፌም በቢላም አትጎርጉሪው። ዎርዱ ውስጥ ሌላ ጠይቂና ዜሮ ላይ መቆሙን አይተሽ ጀምሪ። ስቴቶስኮፑ የራስሽ ይሁን።

አቤል፦ አዞርሽው?

የሰፈር ሐኪም፦ የእናትሽ ስንት ሆነ ታዲያ?

ሲስተር ዘ፦ አሁን አትለኪያቸው እባክሽ። ክንዳቸው ደጋግሞ ከተጨመቀ ቁጥሩ ይዛባል። አምስት ደቂቃ ጀርባቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ቡና ከጠጡ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይለፋቸው።