የልጅነት አሰልጣኜን ቀይ ካርድ ላሳያቸው?

ሰላም፣ ግራ ገብቶኛል። እሁድ እሁድ ጃን ሜዳ ከ13 ዓመት በታች ልጆችን በነጻ እዳኛለሁ። ረዳት የለኝም፤ ፊሽካና ሁለት ካርድ ብቻ። ባለፈው ኦፍሳይድ ብዬ ጎል ስሽር ከተቀያሪዎቹ ወንበር አካባቢ ስድብ መጣ። ማን እንደሰደበኝ አላየሁም።

ሕጉን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አሰልጣኝም ካርድ ያያል። ስድብ ቀይ ነው፤ ተሳዳቢው ካልታወቀ ዋናው አሰልጣኝ ይቀጣል። ችግሩ፣ ዋናው አሰልጣኝ ልጅ ሳለሁ ኳስ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው! እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ማሊያው ጉልበቱ የሚደርስ አንድ ተከላካይ ቀና ብሎ አየኝና «ለእሳቸው ካርድ የለም እንዴ?» አለኝ። አፈርኩ።

የፊታችን እሁድም የእሳቸው ጨዋታ ነው። ቀድሜ ለብቻቸው ላናግራቸው ወይስ ዝም ብዬ ሕጉን ልተግብር? የደረሰባችሁ ዳኞች እባካችሁ ንገሩኝ።