ከጣውላ ወለል ሥር ያለው ርጥበት፦ ፎም ልሙላበት?

ቦሳ ኪቶ
ጤና ይስጥልን። ጅማ ነው፤ 6 በ8 የሆነ የቆየ ቤት፣ የድንጋይ መሠረት ላይ የጣውላ ወለል። ከመሬቱ ጣውላውን እስከተሸከመው እንጨት፣ እስከ ሞራሌው፣ 50 ሳንቲ ያህል ክፍት አለው። ክረምት ሲገባ ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ ይሻግታል። የፕላስቲክ ምንጣፉን ስንገልጠው ጣውላው ጠቁሯል። ግንበኛው «መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ድፈንና በሞራሌዎቹ መሀል ነጭ ፎም ሙላበት» ይላል። ልክ ነው?

ውሃ ልክ
አይደለም ወንድሜ። ፎም ብርድ ይከላከላል እንጂ ውሃ አያቆምም፤ የጅማ ጣጣ ደግሞ ውሃው ነው። መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ለይ። አንድ ካሬ ላስቲክ ከወለሉ ሥር መሬቱ ላይ አንጥፍ፣ ጠርዙን በአፈር ተጫነው፣ ከ2 ቀን በኋላ እየው። ጠብታው ከላስቲኩ በታች ከሆነ አፈሩ እየተነፈሰ ነው፤ ከላዩ ከሆነ ከአየሩ ነው። ውሃ ተኝቶ ካገኘህ ግን ከጣሪያ ወይም ከጓሮ እየገባ ስለሆነ እሱ ሳይቆም ሌላውን አትጀምር።

ጣሪያህ 80 ካሬ ቢሆን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ መሠረቱ ጥግ ነው የሚያርፈው። አሸንዳ ግጠምና መውረጃውን ከግድግዳው 2 ሜትር አርቀህ ወደ ቦይ ልቀቀው። ከመሠረቱ እስከ 3 ሜትር ድረስ መሬቱ 15 ሳንቲ እንዲያዘቀዝቅ ቀይ አፈር ሞልተህ ጠቅጥቅ። ጠጠር እንዳትሞላ፤ ውሃውን አሳልፎ ለመሠረቱ ይሰጠዋል።

መጋዝ
ከዚያ ወደ ላስቲኩ። ከ200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) የሳሳ አትግዛ፣ ገና ስትድህበት ይቀደዳል። መጀመሪያ ከሥር ያለውን የእንጨት ቁራጭና ፍልጥ ሁሉ አውጣ፤ ለምስጥ ግብዣ ነው። መጋጠሚያው 30 ሳንቲ ይደራረብ፣ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲ ይውጣ። ለ48 ካሬ ቤት 65 ካሬ ላስቲክ ግድም ትፈልጋለህ። በድንጋይ ተጫነው እንጂ በችካል አትብሳው።

ጣውላውን ያጠቆረው በአብዛኛው ያ ምንጣፍ ነው። ከሥር የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ እዚያው ይታመቃል። አንሳውና ይድረቅ። ሞራሌዎቹን በመፍቻ ወጋ ወጋ አድርግ፦ ጫፉ ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል፣ ይቀየር። በተለይ ድንጋዩ ላይ ያረፈውን ጫፍ አትለፈው። አዲሱን ስታሳርፍ በእንጨቱና በድንጋዩ መሀል ላሜራ አስገባ፤ ጠርዙ 5 ሳንቲ ወጣ ብሎ ወደ ታች ይታጠፍ። ምስጡን ባይገድልም መንገዱን በውጭ በኩል እንዲሠራ ያስገድደዋል፣ አንተም ታየዋለህ። ፎም ብትሞላ ግን ውስጡን ቦርቡሮ ሲወጣ አታይም። የተቃጠለ ዘይት ቀባ የሚልህም ይኖራል፤ ሽታው ቤት ይገባል፣ እሳትም ይወዳል።

ቦሳ ኪቶ
አመሰግናለሁ። ቀዳዳዎቹስ? ክረምት ላይ አየሩ ራሱ ርጥብ አይደለም?

ውሃ ልክ
ጥያቄህ ተገቢ ነው። መድፈን የሚያዋጣው ከውስጥ አየሩን የሚያደርቅ ማሽን ላለው ነው፤ ያለዚያ የታፈነው ርጥበት ሁሉ እንጨቱ ላይ ይቀራል። መሬቱ ላስቲክ ካልለበሰ መለኪያው ለ150 ካሬ ወለል 1 ካሬ ክፍት ነው፦ ለአንተ 0.32 ካሬ፣ ማለትም 15 በ30 ሳንቲ የሆኑ 7 ያህል ቀዳዳዎች። ወንፊት ሽቦ አየሩን ስለሚቀንስ 10 አድርጋቸው። ላስቲክ ከተነጠፈ በጣም ያነሰ ይበቃል፤ ቢሆንም ያሉትን አትድፈን። ፊት ለፊት የሚተያዩና ለማዕዘኖቹ የቀረቡ ይሁኑ፣ አለዚያ ጥጉ ላይ ያለው አየር አይንቀሳቀስም። ሽቦው አይጥና ዶሮም ይከለክላል፤ ዶሮ ከገባ ላስቲኩን ጭሮ ይጨርሰዋል።

መጋዝ
አሁን ሰኔ ላይ አሸንዳውንና ቦዩን ሥራ፤ ላስቲኩን አፈሩ ሲደርቅ ጥር ላይ አንጥፈው። እግር ከቀዘቀዘህ ሰሌን አንጥፍ፣ እሱ ያስተነፍሳል።